እሳቱን ማን፣ መቼና በማን ፈቃድ ይለኩሰው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ነባር ሕዝቦች የአባቶቻቸውን መሬት ስለሚጠብቁበት ጥበብ እርስ በርስ እየተጎበኛኙ እንደሚማማሩ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ጽሑፉን ተከትሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰሜን አውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የሆኑት አቦርጂናል ሬንጀሮች (የመሬት ጠባቂዎች) ወደ ቦትስዋና ሄደው ስለ እሳት አያያዝ ልምዳቸውን እንዳካፈሉ ከጽሑፋችሁ አነበብሁ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው። በእኛ አገር ሰደድ እሳት ተነሣ ሲባል ሕዝቡ ቅጠል እየቀጠፈ ለማጥፋት ይሮጣል፤ ሆን ብሎ የሚለኩስ ሰው ግን እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። አሁን በምኖርበት ከተማም በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የነበረው ቃጠሎ ጭሱ እስከ ቤቴ መስኮት ደርሶ ነበር። ታዲያ እሳት መለኮስ እንዴት ሆኖ መሬትን መንከባከብ ይባላል? ለአፍሪካስ የሚያስተምረው ምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከሜልበርን

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ጭሱን ያዩት ቃጠሎና ሬንጀሮቹ የሚለኩሱት እሳት በወቅትም፣ በኃይልም፣ በዓላማም ይለያያሉ። በሰሜን አውስትራሊያ ዝናቡ የሚያቆመው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት ሣሩ ከላይ ቢደርቅም ከሥሩ እርጥበት አለው፤ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ስለሚል ጤዛ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የተለኮሰ እሳት በመሬት ላይ በዝግታ እየተሳበ ይሄድና ሲመሽ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ የዛፎቹን አናት አይደርስበትም፣ እንስሳትም ለመሸሽ ጊዜ ያገኛሉ። የተቃጠለው መሬት ካልተቃጠለው ጋር እንደ ተጣፈ ልብስ ተሰባጥሮ ስለሚቀር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው እጅግ ደረቅ ወቅት መብረቅ ወይም የሰው ቸልተኝነት እሳት ቢያስነሣ እንኳ እሳቱ የሚበላው ሣር እያጣ ይቆማል። በዚያ ደረቅ ወቅት ያለ ከልካይ የሚነሣው እሳት ነው ዛፉን ከነቅርንጫፉ የሚያነድደው።

ቢኒንጅ የሚባሉት፣ በሰሜን አውስትራሊያ የሚገኘው የምዕራብ አርነም ላንድ ነባር ሕዝቦች ይህንን የሚያውቁት በሳይንስ ተቋም ተምረው አይደለም። ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍሉታል፤ ነፋስ የቀላቀለው የመጨረሻ ዝናብ ረጅሙን ሣር የሚያጋድምበት ወቅት ባንግከሬንግ ሲባል፣ እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ቀዝቃዛው የኬ ደግሞ እሳት መለኮስ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን አብዛኞቹ ቤተሰቦች ከሚኖሩበት አምባ ወርደው በሚስዮን ጣቢያዎችና በትንንሽ ከተሞች ዙሪያ ሰፈሩ። ሰው የለቀቀው መሬት በየዓመቱ በደረቁ ወቅት ይነድ ጀመር፤ አንቢኒክ የሚባሉት ዛፎች የሚበቅሉባቸው ጥንታዊ ደኖችም በየአቅጣጫው እየተሸረሸሩ ሄዱ። ሰው የሌለበት ዱር ጤነኛ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙዎቻችን ቅርብ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በአርነም ላንድ የታየው ዱሩ የታመመው ጠባቂዎቹ ስለተለዩት መሆኑ ነው።

ይህንን ሐዘን ወደ ሥራ ከለወጡት አረጋውያን አንዱ ሎፍቲ ባርዳያል ናጃመሬክ ነበሩ። በዋሻ ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሥሉ ከነበሩት የመጨረሻዎቹ ሠዓሊዎች የሚቆጠሩት እኚህ አባት ወደ ትውልድ መሬታቸው ተመልሰው ካቡልዋርናምዮ የተባለችውን ትንሽ መንደር ተከሉ፤ ከሳይንቲስቶች ጋር እየተመካከሩም ወጣቶችን በእግር እያስከተሉ የእሳቱን ሥርዓት መልሰው አስተማሩ። በ2006 ዓ.ም. በዳርዊን ከተማ አጠገብ የተፈጥሮ ጋዝን ወደ ፈሳሽነት የሚቀይር ኩባንያ ለ17 ዓመታት በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። ሬንጀሮቹ በበኩላቸው 28,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ፣ ይኸውም የጣናን ሐይቅ ስምንት እጥፍ በሚያክል ስፋት፣ የደረቁን ወቅት ቃጠሎ በመቀነስ በየዓመቱ ከ100,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን በካይ ጋዝ ወደ ሰማይ እንዳይወጣ ለማድረግ ቃል ገቡ። በሒሳቡ የሚቆጠሩት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ የተባሉት ጋዞች ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሣሩ በሚቀጥለው ዝናብ ሲያድግ መልሶ ስለሚስበው በሒሳቡ አይገባም። ዛሬ ሬንጀሮቹ ክብሪት ይዘው በእግር ከመሄድ በተጨማሪ ከሄሊኮፕተር ተቀጣጣይ እንክብል ይጥላሉ፣ የሳተላይት ካርታም ያነባሉ። የሚቃጠለው ቦታ የሚመረጠው ግን አሁንም ከመሬቱ ባለቤቶች ጋር በሚደረግ ምክክር ነው።

አሁን ወደ ቦትስዋና እንለፍ። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ የሚገኙት የጾዲሎ ኮረብቶች በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ4,500 በላይ የዐለት ላይ ሥዕሎች የያዙ፣ በ2001 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ፣ ለሳንና ለሃምቡኩሹ ሕዝቦችም የተቀደሱ ስፍራዎች ናቸው። አርነም ላንድም ጾዲሎም ከምድር ወገብ በታች ስለሆኑ የዝናቡና የድርቁ ወራት በእጅጉ ይቀራረባሉ። ሁለቱም ዘንድ የቅኝ ገዢዎችና ከእነርሱ በኋላ የመጡ መንግሥታት እሳትን በጅምላ እንደ ወንጀል አይተውታል። ስለዚህ ከአውስትራሊያ ወደ ጾዲሎ የሄዱት ሬንጀሮች ያገኙት እሳትን የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። የሳን ሽማግሌዎች ልምላሜ እንዲያቆጠቁጥና አውሬው ወደ አዲሱ ሣር እንዲሰበሰብ ወላጆቻቸው በየወቅቱ ያቃጥሉ እንደነበር ያስታውሱ ነበር፤ ከክልከላው የተነሣ የተቋረጠው ሥራው ነበር። እንግዶቹ የጨመሩት የተቋረጠውን በዛሬ ሕግና ገንዘብ ውስጥ መልሶ ማቋቋም እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ነው፦ ሬንጀሮች እንዴት ይደራጃሉ፣ ከመንግሥት ሹም ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ፣ የተቀነሰው ጭስ እንዴት ተቆጥሮ ለማኅበረሰቡ ገቢ ይሆናል? በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት 70 በመቶ ያህሉ በአፍሪካ መሆኑን ስናስብ ጥያቄው የጾዲሎ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ልውውጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለዘመናት ያቆየውን እውቀት ለሌላ ሲገልጥ፣ ሦስተኛ ወገን መጥቶ በስሙ ቢያስመዘግበውስ? በጤፋችን የደረሰውን አንረሳውም።
የሕግ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የጤፉን ጉዳይ ማንሣትዎ ትክክል ነው። የኔዘርላንድ አንድ ኩባንያ በ2005 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ጥቅም የመጋራት ስምምነት ተፈራርሞ ሳለ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ኩባንያው ከስሮ ስምምነቱ ከፈረሰ በኋላም ያ መብት ሳይነካ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ይዘት የለውም ብሎ ውድቅ ያደረገው በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለኔዘርላንድ ብቻ የሚሠራ ፍርድ ነበር። በዚህ ረገድ የ2007ቱ የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በ31ኛው አንቀጹ ባህላዊ እውቀታቸውን የመቆጣጠር መብት ይሰጣቸዋል፤ የ2010ሩ የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ ፈቃድና የጥቅም ድርሻ እንዲቀድም ያስገድዳል። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ካናዳና አሜሪካ መግለጫውን መጀመሪያ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተው እንደነበር ግን ማስታወስ ይገባል፤ ሐሳባቸውን የቀየሩት በኋላ ነው።

ከሕጉ ይልቅ አጥብቆ የሚጠብቀው፣ በእኔ እምነት፣ የልውውጡ መልክ ነው። እውቀቱ በወረቀት ተጽፎ በሦስተኛ ወገን እጅ ሲጓዝ ባለቤቱን ያጣል፤ ባለቤቱ ራሱ ሲጓዝ ግን ምን መናገርና ምን መተው እንዳለበት እርሱ ይወስናል። በቢኒንጅ ሥርዓት አንድን መሬት በአባቱ በኩል የወረሰ ሰው ብቻውን አይወስንበትም፤ በእናታቸው በኩል ከዚያ መሬት ጋር የተዛመዱ፣ ጁንግካይ የሚባሉ ጠባቂዎች አሉ፤ የእነርሱ ስምምነት ሳይኖር እሳት አይለኮስም፣ ምሥጢርም አይገለጥም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው ወደ ሌላ ሕዝብ አገር ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ “እዚህ የሚፈቅድልኝ ማን ነው?” የሚል ነው።

ጥያቄ፦ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ አንድ አነስተኛ ሕዝብ ዓሣን ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ኒውዚላንድ እንደተጓዙ ከሥራ ባልደረባዬ ሰማሁ። እውነት ነው? ከመሬት ጥበቃ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?
አንባቢ፣ ከሳክራሜንቶ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከሰማናቸው ታሪኮች ሁሉ በጥልቅ የነካንም ይህ ነው። እርስዎ ከሚኖሩበት ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው የማክላውድ ወንዝ ሕዝብ ዊነመም ዊንቱ ይባላል፤ ትርጓሜውም የመካከለኛው ውኃ ሕዝብ ማለት ነው። በእነርሱ ትውፊት ሰው ሲፈጠር ድምፅ አልነበረውም፤ ድምፁን የሰጠው ሳልመን የተባለው ዓሣ ነው፤ ሰውም በምላሹ ለዓሣው ሊናገርለት ቃል ገብቷል። በ1872 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ወንዝ ዳር የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ከፈተ፤ ከጣቢያውም የዓሣ እንቁላል ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ይላክ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ወደ ኒውዚላንድ የተላከው እንቁላል በደቡብ ደሴት ወንዞች ተፈልፍሎ፣ ወደ ባሕር ወርዶ፣ ተመልሶም ሥር ሰደደ። በትውልድ አገሩ ግን በ1945 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የሻስታ ግድብ የዓሣውን መንገድ ዘጋ፤ የዊነመም ዊንቱን መንደሮች፣ መቃብሮችና የጸሎት ስፍራዎችም አሰጠመ።

በ2004 ዓ.ም. የግድቡን ከፍታ ለመጨመር የቀረበውን ዕቅድ በመቃወም ሕዝቡ በግድቡ ላይ ጥንታዊውን የጦርነት ጭፈራ አደረገ። ይህ ዜና ኒውዚላንድ ሲደርስ ዓሣችሁ እዚህ በሕይወት አለ የሚል መልእክት መጣላቸው። በ2010 ዓ.ም. የሕዝቡ መሪ ካሊን ሲስክ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎችን አስከትለው ወደ ራካያ ወንዝ ተጓዙ፤ ግድቡ ሲሠራ ለዓሣው ድምፅ መሆን ስላልቻሉም በወንዙ ዳር ለቀናት እየጨፈሩና እየጸለዩ ይቅርታ ጠየቁ። ይህ ሁሉ የሆነው በናይ ታሁ፣ ይኸውም በአካባቢው የማኦሪ ነገድ፣ ምድር ላይ ነበርና እንግዶቹ በባለቤቶቹ ሥርዓት አቀባበል ተደረገላቸው፣ በባለቤቶቹ ፈቃድም ወደ ውኃው ቀረቡ። ሳልመን ለናይ ታሁ በቅኝ ገዢዎች የመጣ ባዕድ ዓሣ መሆኑን ሲያስቡት የፈቃዱ ክብደት ይበልጥ ይታያል።

ከመሬት ጥበቃ ጋር ምን ያገናኘዋል ላሉት፣ ወንዙን ከዓሣው፣ ዓሣውን ከሕዝቡ ለይቶ መጠበቅ እንደማይቻል ዊነመም ዊንቱዎች ይናገራሉ ብለን እንመልሳለን። ጉዞው ከሥርዓተ ጸሎት አልፎ ፍሬ አፍርቷል። በ2022 ዓ.ም. ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ የሳልመን እንቁላል ወደ ማክላውድ ውኃ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት የካሊፎርኒያና የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ሕዝብ ጋር በጋራ ለመሥራት ተፈራረሙ። የፌዴራሉ መንግሥት እስካሁን በይፋ ነገድነት ላላወቀው ሕዝብ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። የተመለሰው እንቁላል ግን ከካሊፎርኒያው ማራቢያ የተገኘ ነው፤ ሕዝቡ አጥብቆ የሚሻው በራካያ ወንዝ ግድብ ሳያግዳቸው የኖሩት የቀድሞ ዓሦቹ ዘሮች እንዲመለሱለት፣ ዓሣውም በመኪና እየተጫነ ሳይሆን በራሱ ዋኝቶ ግድቡን የሚያልፍበት የውኃ መንገድ እንዲከፈትለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በቦረና የግጦሽ መሬት ላይ የምሠራ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነኝ። ሽማግሌዎቻችን በድሮ ጊዜ ሣሩን ያቃጥሉ ነበር ይላሉ። የአውስትራሊያውን ዘዴ ወስደን እኛም በበጋው መጀመሪያ ብናቃጥል፣ ቁጥቋጦው የወረረውን መሬት ማዳን አንችልም?
አንባቢ፣ ከያቤሎ

መልስ፦ ጥያቄዎ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ መልሳችንም ዘዴውን እንዳለ እንዳይወስዱት የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ የነገሩዎት እውነት ነው። የቦረና ሕዝብ መዥገርን ለማጥፋት፣ አሮጌውን ሣር ለማደስና ቁጥቋጦውን ለመግታት ሲያቃጥል ኖሯል፤ ማቃጠሉ የተከለከለው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ግራርና ሌላው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ መምጣቱን አያሌ ጥናቶችም እረኞቹም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ የግጦሽ ጫናና የመሬት ጥበት የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ የአርነም ላንድ ሰዎች በበጋው መጀመሪያ የሚያቃጥሉት እሳቱ እንዲቀዘቅዝና ዛፉን እንዳይጎዳ ነው። የቦረና አባቶች ደግሞ የበጋው መጨረሻ ላይ፣ በቦረናዎች ቋንቋ ገና (Ganna) የሚባለው ዋናው ዝናብ ሊጥል ሲቃረብ ያቃጥሉ የነበረው እሳቱ የቁጥቋጦውን ጉልበት እንዲሰብር፣ ሣሩም ወዲያው ዝናብ አግኝቶ እንዲነሣ ነው። አንዱ ዛፉን ለማዳን፣ ሌላው ቁጥቋጦውን ለመግታት የሚለኩሰው እሳት በአንድ የቀን መቁጠሪያ ሊመራ አይችልም፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ሁለተኛው ችግር ማገዶው ነው። በአርነም ላንድ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ሞልቷል፤ በቦረና ግን ከብቱ ሣሩን ስለሚጨርሰው እሳቱ ቁጥቋጦውን የሚጎዳ ኃይል አያገኝም። ከ2020 እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ፣ መንጋውም ካለቀበት ሕዝብ ዘንድ፣ የቀረውን ሣር አቃጥሉ ማለት እጅግ ከባድ ቃል ነው። ማቃጠል ካስፈለገ መሬቱ አስቀድሞ ከግጦሽ ማረፍ አለበት፤ ከተቃጠለም በኋላ ሣሩ ሥር እስኪይዝ ድረስ ከብት ሊገባበት አይገባም። ይህን ደግሞ ከብቱን ወዴት እንደሚያሰማራ የሚወስነው ሕዝብ እንጂ ባለሙያ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

ስለዚህ ከአውስትራሊያ መውሰድ ያለብዎት የአሠራራቸውን ቅደም ተከተል ነው። እነርሱ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር በእግር እየዞሩ የትኛው ቦታ ለምን እንደሚቃጠል፣ የትኛውም ለምን እንደማይነካ ጠይቀው ነው የጀመሩት። እርስዎም በዴዳው፣ ማለትም በየግጦሽ ክልሉ፣ ካሉት አባቶችና ከብት ካገዱ እናቶች ጋር ተቀምጠው እሳት ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳለፈ፣ በየትኛው ወር እንደተለኮሰ፣ ማን እንዳዘዘ፣ የትኛው ቁጥቋጦ እንደሞተና የትኛው ከግንዱ ሥር መልሶ እንዳቆጠቆጠ ይመዝግቡ። ለልምድ ልውውጥም ሩቅ ከመሄድዎ በፊት ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ፣ ወደ ኢሲዮሎ ይሂዱ። በዚያ የሚኖሩት ቦረናዎች ቋንቋቸው የእርስዎ ነው፤ በዴዳ ሽማግሌዎቻቸው አማካይነት የበጋና የክረምት ግጦሽን ለይተው ለማስከበር፣ ውሳኔያቸውንም በአካባቢው መንግሥት ዘንድ ለማስጸናት ሲደክሙ ቆይተዋል። ከእርስዎ ጋር ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት እናት ቢሄዱ መልካም ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ አባ ገዳውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይወቁት፤ ስትመለሱ ያያችሁትን በመጀመሪያ የምትነግሩት ለእነርሱ ነውና።